አራት መቶ አሥራ ሁለት ያመጣ ልብ

የእህቴ ባል ኦቦ ቀጀላ በሕይወቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ «ስንት አመጣህ?» የሚለውን። አምቦ ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ከአፉ ሰምቶታል። ለቅሶ ቤት ይጠይቃል፣ ሠርግ ላይ ይጠይቃል፣ ባጃጅ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ ገና ሰላም ሳይለው ይጠይቃል። ልጁ ጥሩ አምጥቶ ከሆነ «ባዬ ጋሪዳ»፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ብሎ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። ካላመጣ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል፤ ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ለእሱ የለም።

ሸነን ላይ በመምህርነት ጀመረ፤ ከዚያ ወደ አምቦ ተዛውሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በትምህርት ጽሕፈት ቤት የፈተና ክፍል ውስጥ ፈተና ሲያጅብ፣ ፈተና ሲቆልፍ፣ ውጤት ሲያድል ኖረ። ጉቦ አልበላም፤ በላ ብል ሰው ይታዘበኛል። አንድም የፈተና ወረቀት ከእጁ አላመለጠም። ብቻ ወረቀቱን ሲጠብቅ ኖሮ ኖሮ ሰውን ሁሉ በወረቀት ዓይን ማየት ለመደ። ከተማው «አንቱ» ይለዋል። እኔ የሚስቱ ታላቅ ስለሆንኩ «አንተ» እለዋለሁ፤ እሱም ይበዛበታል።

እኔን ያወቀኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወድቄ ጊንጪ ከእናታችን ጋር እህል ስሸጥ ነው። ታናሼ ፍቅርተ ያኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሳ ነበርና፣ ሽማግሌ የላከው መልኳን አይቶ ይሁን ውጤቷን አይቶ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። እኔ አምቦ መጥቼ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈትኩ ስንት ዘመኔ ነው። ዛሬም ከእንግዳ ጋር ሲያስተዋውቀኝ «ይቺ ወርቅውሃ ናት፣ የፍቅርተ እህት። ማትሪክ አልመጣላትም እንጂ ጭንቅላት አላት» ይላል። ስድሳ ዓመት አልፎኛል።

ፍቅርተ እንደ እኔ አይደለችም። ጡረታ እስክትወጣ አንደኛ ክፍል ፊደል ስታስቆጥር የኖረች ሴት ናት። ሕፃን «ሀ»ን ገልብጦ ቢጽፍ አትቆጣም፤ እጁን ይዛ እንደገና ታስጽፈዋለች። ባሏንም የያዘችው በዚያው አያያዝ ነው፤ እሱ ግን እስካሁን አልተስተካከለም።

ነገሩ የተጀመረው የቀጀላ ታናሽ ወንድም ጉርሙ ጊንጪ መናኸሪያ መኪና ሲጠብቅ በተቀመጠበት በመሞቱ ነው። አላመመውም፣ አልተኛም፤ ጠዋት ገበያ ወጥቶ ከሰዓት ሬሳው ገባ። የቀጀላና የፍቅርተ ልጅ ሮዛ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ለለቅሶው መጥታ ሳለ አባቷን አስተዋለችው። የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቤት የምትወስደውን ዳገት ሲወጣ፣ መሃል ላይ ይቆምና የሰው አጥር የሚመረምር መስሎ ያርፋል። ሮዛ ይህን ካየች በኋላ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሁለታችሁም ልባችሁን ካልታያችሁ ብላ ያዘች። መርፌም ቢላም ሳይነካ የልብን ደም ሥር የሚያነሳ ሲቲ ስካን አዲስ አበባ አለ አለቻቸው። ቀጀላ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ የታመመ ይመርመር እኔን ምን ነክቶኝ አለ። ኋላ ሮዛ ውጤቱ በቁጥር እንደሚመጣ ስትነግረው እሺ አለ።

ከዚያ የሆነውን የነገረችኝ ፍቅርተ ናት። በየተራ ጋደም አሉ፣ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጠፈላቸው፣ ትንፋሻችሁን ያዙ ተባሉ፣ አልጋው በክቡ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ በቃ። ቀጀላ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ባለሙያውን «ስንት አመጣሁ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሳቀና የካልሲየም ስኮርዎ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው፣ የእማማ ዜሮ ነው፣ የቀረውን ሐኪሙ ያስረዳችኋል ብሎ አንዳንድ ወረቀት ሰጣቸው።

ወረቀቱን እኔም በኋላ አይቼዋለሁ። ግራጫ የልብ ፎቶ አለው፤ ፎቶው ላይ እዚህም እዚያም እንደ ጥርስ የነጡ ነጠብጣቦች አሉ። ከሥሩ ስሙና ዕድሜው፣ ከዚያ «ስኮር 412»፣ ከዚያ «ፐርሰንታይል 86» ይላል። ይህን ለማንም ያልተማረ ገበሬ ብትሰጡት «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅና ይድናል። ቀጀላ ግን ስኮር ያውቃል፤ ፐርሰንታይልም ያውቃል፤ ስንት ዘመን ሲያድለው ኖሮ። ሰማንያ ስድስት ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ እኩዮቹ ሰማንያ ስድስቱን በልጧል ማለት ነው። እውነትም በልጧቸዋል። በምን እንደበለጣቸው ብቻ ነው ያልጠየቀው።

ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ ሮዛ ስልክ ተደውሎላት ወደ ውጭ ወጥታ ነበር። ወረፋው ደረጃው ድረስ ተሰልፏል። ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀቶች አየት አየት አደረገና፣ ይህችን ኪኒን በየማታው ሳያቋርጡ፣ አስፕሪኗን ጠዋት ጠዋት፣ ቅባትና ጨው ቀንሱ፣ ከሦስት ወር በኋላ ለተጨማሪ ምርመራ ተመለሱ ብሎ ማዘዣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ለማን እንደሆነ አልተናገረም። ዜሮና አራት መቶ አሥራ ሁለት ጎን ለጎን ተቀምጠው «ለማን ነው?» የሚል ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ አላሰበም። እኔ እሱንም አልምረውም። ሽማግሌ ከአምቦ ተነስቶ እፊትህ ሲቀመጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨመር አንደበት አያደክምም።

ቀጀላ ማዘዣውን አነሳው። የራሱ ስም ነው የተጻፈበት። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ቆም ይላል። እሱ ግን ፍቅርተን «በአባወራ ስም ነው የሚጽፉት፤ እንደ ዕድር» አላት። ዕድር ሲመዘገብ በባል ስም ነው፣ ቀበሌም በባል ስም ነው፣ ስለዚህ ሆስፒታልም በባል ስም ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለሴት ብቻ አለመሆኑን የዚያን ቀን አስመሰከረ።

ሮዛ ስትመለስ፣ እኔ አልፌያለሁ፣ እናትሽ ግን ዜሮ ስላመጣች መድኃኒት ታዞላታል አላት። ወረቀቱን አሳየኝ ስትለው ውጤት ለባለቤቱ ብቻ ነው የሚሰጠው ብሎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። ሁለት ዲግሪ ያላት ልጅ ስልኳን አውጥታ «ካልሲየም ስኮር ዜሮ» ብላ ብትጽፍ ወዲያው ታገኘው ነበር። እሷ ግን ገና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ውጤትን የምታነበው ከአባቷ ፊት ላይ ነው። እናቷን አቅፋ አለቀሰችና መድኃኒቱን ገዝታ አሳፈረቻቸው።

በማግስቱ ቀጀላ ሱሪውን ተኩሶ ፎቶ ኮፒ ቤቴ መጣ። ወረቀቱን በከለር እንዳባዛለትና አንዱን ላሚኔት እንዳደርግለት አዘዘኝ። መሣሪያው እስኪሞቅ ድረስ ነጠብጣቦቹን በእስክሪብቶ እየጠቆመ አስረዳኝ። ነጩ ካልሲየም ነው፤ ካልሲየም ደግሞ አጥንትን የሚያጠነክር ነው፤ የእሱ ልብ አጥንት ሆኗል። ይህም የመጣው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ምንጩ ሥር አድጎ የአምቦን ውሃ ስለጠጣ ነው። ፍቅርተ ዜሮ ያመጣችው የጊንጪ ልጅ ስለሆነች ነው፤ የጊንጪ ውሃ ባዶ ነው። እኔም የጊንጪ ልጅ መሆኔን አስታውሶ በሐዘኔታ አየኝ። ላሚኔት አደረግሁለት። ማትሪክ ያልመጣላት ሴት ምን አውቃ ትከራከራለች።

ዘመኑም አገዘው። 2015 ዓ.ም. ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈተነው የአገሩ ልጅ ግማሹን ነጥብ ያመጣ ጠፍቶ፣ ስንት ትምህርት ቤት አንድም ተማሪ ሳያሳልፍ የቀረበት ዓመት። ወላጅ አንገቱን ደፍቶ በሚሄድበት ከተማ ውስጥ አንድ ጡረተኛ አራት መቶ አሥራ ሁለት አመጣሁ ብሎ ተነሳ። ሰው በየመንገዱ እጁን ይጨብጠው ጀመር። «ከስንት?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር የዕድሩ ጸሐፊ ዓብዲሳ ነው። ቀጀላ ጣሪያ የለውም ብሎ መለሰለት። ከተናገረው ሁሉ እውነት የሆነችው ይህቺ ብቻ ናት፤ ኋላ እንደሰማነው የዚያ ቁጥር ጣሪያ የለውም።

በግ አረደ። ላሚኔቱ ሳሎን ከሠርጋቸው ፎቶ አጠገብ ተሰቀለ፤ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ቆሞ አይቶ ነው የሚቀመጠው። ጮማውን ራሱ እየቆረጠ፣ ልቤ ይህን ይችለዋል እያለ ጎረሰ። ቅቤውም ላይ እጁን አልሰበሰበም። ፍቅርተ ከጓዳ ወጥታ ገባች እንጂ አልተቀመጠችም፤ ማንም ተቀመጪ አላላትም።

ለእሷ የመጣው ሌላ ነው። የዕድሩ ሴቶች አጥሚት ይዘው ሊጠይቋት መጡ። አይዞሽ፣ ዜሮ ዛሬ መድኃኒት አለው አሏት። አንዷ የእህቷ ልጅም ዜሮ አምጥቶ በሁለተኛው ዓመት ማለፉን ነግራ አጽናናቻት። ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ሰፈር ውስጥ ተጣሞ «ፍቅርተ ልብ የላትም አሉ» ሆነ። ልብ ባይኖራት ከዚህ ሰውዬ ጋር ይህን ሁሉ ዓመት በምን ኖረች?

ማታ ማታ ዜና እንዳለቀ ቀጀላ ኪኒኗን በመዳፉ ይዞ ከፊቷ ይቆማል። «ማጠናከሪያ» ይላታል፤ ለደካማ ተማሪ ከሰዓት በኋላ እንደሚሰጠው ትምህርት መሆኑ ነው። ስትውጥ ቆሞ ያያል፣ አፏን ያስከፍታታል፣ ከዚያ ጎበዝ ይላታል። አስፕሪኑንማ ጨጓራዋን ሲያቃጥላት ራሱ አስቆማት፤ ሁለት ትምህርት አይከብድባትም ወይ አለ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይህ ነው።

ጥቂት ቆይቶ የፍቅርተ እግር ይከዳት ጀመር። ጭኗን ያማታል፣ ጡንቻዋን ይቆረጥማታል፤ ገበያ መውረድ ተወች፣ ቤተ ክርስቲያን ደረጃው ላይ በሰው ትከሻ ተደግፋ ሆነ የምትወጣው። ቀጀላ ድክመቷ እየወጣላት ነው አለ። እሱ ራሱ ደግሞ ዳገቱ ላይ የሚያርፍባቸው አጥሮች ከአንድ ወደ ሦስት አድገው ነበር። ዓብዲሳ ምነው ቢለው፣ ልቡ ካልሲየም ስለያዘ እንደሚከብደው ነገረው።

እኔ ነኝ በግድ እጇን ይዤ ሆስፒታል የወሰድኳት። ያገኘናት ሐኪም ጋዲሴ ናት። አንደኛ ክፍል ፍቅርተ ፊደል ያስቆጠረቻት ልጅ ነችና ተነስታ ሳመቻት። እግሯን ነካካች፣ ስለ ምትውጠው መድኃኒት ጠየቀች፣ ማን አዘዘልሽ አለች። ፍቅርተ እያፈረች ዜሮ ማምጣቷን ተናገረች። ጋዲሴ ግራ ገባትና ደግማ አስነገረቻት። ይኼኔ ሳባዛለት በስልኬ ያነሳሁትን የቀጀላን ወረቀት አውጥቼ አሳየኋት። አይታ፣ ኪኒኑን የሚውጠው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ፍቅርተ እኔ ነኝ አለቻት።

ጋዲሴ በሩን ዘግታ ቀስ ብላ አስረዳችን። ካልሲየም አጥንት ላይ ሲሆን መልካም ነው። ልብን በሚመግበው ደም ሥር ላይ ሲታይ ግን፣ ሥሩ ውስጥ ቅባት ተለጥፎ፣ ቆይቶ መድረቁን ነው የሚናገረው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር። ከሚጠጣ ውሃ ጋር አይገናኝም። ዜሮ ማለት ሥሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ማለት ነው፤ ከዚያ የተሻለ ውጤት የለም። አራት መቶን ያለፈ ሰው ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይል መድኃኒት መጀመር፣ የልብ ሐኪም ማየት አለበት።

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ አግዳሚው እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። ያ ሁሉ በግ፣ ያ ሁሉ ላሚኔት። እንባዬን ስጠርግ ፍቅርተን አየኋት። ዜሮ በማምጣቷ ደስ አላላትም፤ እንዲያውም ያንን የሰማች አትመስልም።

«እሱ እስካሁን አንድም አልዋጠም» አለች።

ጋዲሴ የእሷን ኪኒን አስቆመቻት። እሱ ዛሬውኑ ይጀምር፣ ራሱም ይምጣ አለች። ደረቱን ጨብጦ ከያዘው አስፕሪን እንዲያኝክና ወዲያው እንድናመጣው ነግራ ጥቂት ፍሬ ሰጠቻት። ፍቅርተ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው።

ያን ዕለት ማታ፣ እኔም እዚያው ተቀምጬ፣ ፍቅርተ በሩን ዘግታ ነገረችው። ሕፃን እንደምታርም ሆና፣ ድምጿን ሳታነሳ። ቀጀላ ላሚኔቱን እያየ ሰማት። ከዚያ ጋዲሴ ስንት አምጥታ ነው ሐኪም የሆነችው ብሎ ጠየቀ። ጋዲሴ በተፈተነችበት ዓመት ከከተማው አንደኛ ወጥታ፣ ውጤቷን በገዛ እጁ እንደሰጣት ፍቅርተ አስታወሰችው። ያውቃል። አንዴ ከተገለጸ በኋላ የሚሻር ውጤት የለም አለ።

«ቀጀላ፣ የሚሻረው ውጤት አይደለም፤ አንተ ነህ» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ ዕድር ፊት ቆሜ ወድቄያለሁ ልበል? ይህን ሁሉ የሰው ልጅ ሳሳፍር ኖሬ?» አለ።

ይህችን ሲል ነው ሰውዬው ምን እንደፈራ የገባኝ። ሞትን አይደለም። ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረባቸው ልጆች ሁሉ ዛሬ ጎልማሳ ሆነው ባጃጅ ይነዳሉ፣ ሱቅ ይሸጣሉ፣ ቢሮ ተቀምጠዋል። እነሱ «ስንት አመጡ፣ ኦቦ ቀጀላ?» ይሉታል። ከዚያ ጥያቄ መሞት ይሻለዋል። በሆዴ እንግዲያው ሙት አልኩ፤ አልዋሽም።

እንዲህ ሆኖ ሳምንታት ሄዱ። ማታ ማታ ዜና ሲያልቅ እንደ ልማዱ ኪኒኗን በመዳፉ ይዞ ለፍቅርተ ይዘረጋል። እሷ አልውጥም ትላለች፤ ከተጋቡ ጀምሮ እምቢ ብላው አታውቅም ነበር። መልሳ ወደ እሱ ትገፋለታለች። እሱ አይነካትም። ኪኒኗ ጠረጴዛው ላይ በሁለቱ መሃል ታድራለች። ጠዋት ፍቅርተ አንስታ ዕቃዋ ውስጥ ትመልሳታለች። ሮዛም ነገሩን ሰምታ እየደወለች አለቀሰች፣ ተቆጣች፤ እሱ ስልኩን ለፍቅርተ እየሰጠ ይወጣል።

አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም ከገበያ እየተመለስን ነበር። የፍቅርተ እግር ኪኒኑን ካቆመች ወዲህ ተሽሏት ዘንቢሉን ራሷ ይዛለች። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ቀጀላ የመጀመሪያው አጥር ጋ ቆመ። ከዚያ አጥር የሚያይ መምሰሉንም ተወውና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። እጁን አንዴ ደረቱ ላይ፣ አንዴ አገጩ ላይ ያደርጋል። ዓይኑ ፈጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ አየሁት።

ፍቅርተ ዘንቢሉን ጥላ የነጠላዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች። አስፕሪኑን ወደ አፉ ስታስጠጋው ራሱን አዞረ።

«ሰው እየመጣ ነው» አላት፤ ድምፁ አይወጣም።

እውነቱን ነው። ከላይ በኩል ጅሩ ከሚስቱ ጋር ይወርዳል፤ የዕድራችን ሰው፣ የመንደሩ ወሬ ሁሉ በእሱ በኩል የሚያልፍ። ልቡ እየቆመ ያለ ሰው ስለ ጅሩ ያስባል። ተነስቼ በጥፊ ላቀምሰው ምንም አልቀረኝም። ፍቅርተ ግን ጃንጥላዋን ዘረጋችና በእሱና በመንገዱ መሃል ያዘችው። «አኝከው፣ የሮዛ አባት። አይታይም» አለችው። ከጃንጥላው ጀርባ ሲያኝክ ይሰማኝ ነበር።

ጅሩ ደርሶ አካም ጅርቱ ብሎ ሰላምታ ሰጠን፤ ምነው ምን ሆናችሁ ብሎ አንገቱን አሰገገ። ያኔ እህቴ ያደረገችውን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥታ አቧራው ላይ ተቀመጠችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እኔ ነኝ» አለችው። «ያው ልቤ ነው። እሱ እየጠበቀኝ ነው።»

ጅሩ ከንፈሩን መጠጠ። ሮጦ ባጃጅ አስቆመ። ፍቅርተን ደግፈው አስገቧት፤ ቀጀላ አመድ መስሎ ከጎኗ ተቀመጠ። ጅሩ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጀባዹ፣ ይበርቱ፣ ኦቦ ቀጀላ፣ እሳቸው ይተርፋሉ» አለው። ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ከነፍን። ሆስፒታል ስንደርስ ጋዲሴ አንድ ጊዜ አይታ ሁሉንም ተረዳች። መጋረጃውን ስባ ሽቦውን እሱ ደረት ላይ ለጠፈች። ፍቅርተ ከመጋረጃው ውጭ ያለው አልጋ ላይ ጋደም አለች፤ ጠያቂ ቢመጣ የሚያየው ሰው እንዳያጣ።

ተረፈ። ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ እዚያ በእጁ አንጓ በኩል ገብተው ከጠበቡት ሥሮች አንዱን ከፍተው ሥሩን የሚያሰፋ ቀጭን ሽቦ አስቀመጡለት። ደረቱ ላይ ጠባሳ የለም፤ ለቀጀላ የሚመች ሕክምና ነው። ከተማው የሰማው ፍቅርተ ልቧን ልትታከም መሄዷን ነው። ሲመለሱ ሴቶቹ አጥሚታቸውን ይዘው ደግመው መጡ። እሷ ጋደም ብላ ተቀበለቻቸው። እሱ በር ላይ ቆሞ ለጠያቂው የእንክብካቤውን ነገር ያስረዳ ነበር።

አሁን ኪኒኑን ይውጣል። ማታ በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ስቦ፣ ሌባ ይመስል ይውጣል። ላሚኔቱ እዚያው ተሰቅሏል። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ሚስቴን ለቀጠሮ ላደርሳት ነው ይላል። ግብዣ ላይ ጮማ ሲዞር እጁን ከፍ አድርጎ «እሷ ተከልክላለች፤ እሷ እያየች እኔ አልበላም» ይላል። ሰው እንባ እንባ ይለዋል። እናቶች ለልጆቻቸው ባል ማለት እንዲህ ነው ይላሉ።

ያለፈው የዕድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ደግሞ ዓብዲሳ ተነሳና፣ ኦቦ ቀጀላ የታመሙ ባለቤታቸውን ሳይሰለቹ በማስታመማቸው ለሁላችንም አርኣያ ናቸው ብሎ ምስጋና አቀረበ። አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጀላ ተነስቶ እጅ ነሣ። እኔ አፌን ከፍቼ ልነሳ ስል ፍቅርተ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ እሷም ታጨበጭብ ነበር።

ስንወጣ ሰው እስኪርቅልን ጠብቄ ያዝኳት። ልቧ ከዚህ አዳራሽ ሰው ሁሉ ልብ የጸዳ ሴት ሆና ሳለ፣ ሕፃን ሁሉ በሽተኛዋ እያለ ሲጠራት፣ ይህን ውርደት እስከ መቼ እንደምትሸከምለት ጠየቅኋት። ስንት ቀን ያመቅኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። እሷ ጫማዋን እያስተካከለች አስጨረሰችኝ።

«ወርቄ፣ እኔን ውርደት አይገድለኝም» አለች። «እሱን ይገድለዋል።»